ለባንዲራ ምሰሶና ለጀልባ የትኛው ገመድ ይሻላል? ከደሴ እስከ ሎጎ ሐይቅ ላሉ ገዢዎች

ጥቅምት በገባ የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። በዓሉ ሲቃረብ ደሴ ፒያሳ ወይም አራዳ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች አንዱ ደጃፍ ላይ ትንሽ ብትቆሙ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ወይም የቀበሌ ጥበቃ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ነው።

«ጋሼ፣ ለባንዲራ የሚሆን ገመድ አለዎት?»

«ሞልቷል! ይቺ ናይለን ናት። አብሽር፣ በሬ ትጎትታለች።»

ትጎትት ይሆናል። ባንዲራ ግን በሬ አይደለም። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የቃጫ ገመድ እንኳ አዲስ ሳለ ከ400 ኪሎ በላይ ካልተንጠለጠለበት አይበጠስም። የትምህርት ቤት ባንዲራ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ፣ ንፋስ መትቶትም ቢሆን ወደዚያ አይጠጋም። ስለዚህ «ጠንካራ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆዩትና እነዚህን አስቀድሙ፦ ፀሐይ ይችላል? ፑሊው ላይ፣ ማለትም ምሰሶው ጫፍ ባለችው መንኮራኩር ላይ፣ በየቀኑ ሲታሽ ይቆያል? ሲርስ ያብጣል? ሲሳብ ይለጠጣል? የባንዲራ ገመድ የሚሞተው በእነዚህ ነው፤ በሸክም ሲበጠስ አላየሁም።

ባሕረተኞች ገመዱን በሥራው ነው የሚለዩት

በሸራ በሚሄድ ጀልባ ላይ ዝም ብሎ «ገመድ» የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚያወጣው ሃሊያርድ ነው። ሸራው ንፋሱን በምን በኩል እንደሚቀበል የሚወስነው፣ ቀዛፊው ከእጁ የማይለየው፣ ሺት ይባላል። ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚይዙት ሽራውድ፣ ከፊትና ከኋላ የሚይዙት ስቴይ ናቸው። ትንሽ ጀልባ ከአፍንጫዋ የምትታሰርበት ደግሞ ፔይንተር ነው።

የባንዲራችንንም ገመድ ሃሊያርድ ነው የሚሉት፤ ሥራው ያው ነዋ፦ ጨርቅ ወደ ላይ ያወጣል፣ እዚያ ያቆያል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያወርዳል። ይሄ ዝምድና ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። የባሕር ፀሐይና ጨው ስንት ገመድ እየበላ ያስተማረውን ትምህርት በነፃ እናገኛለን ማለት ነው። ትምህርቱም አጭር ነው፤ ለሃሊያርድ የማይለጠጥ፣ ለመልሕቅና ለማሰሪያ የሚለጠጥ። ብዙው ስሕተት የሚመጣው አንድ ጥቅል ገዝቶ ለሁሉም ከማዋል ነው።

ቃጫ

ባቲ ሰኞ ገበያ ግመሉም በሬውም የሚታሰርበት ገመድ ነው። እጅ አያንሸራትትም፣ ቋጠሮ ይይዛል፣ የትም ይገኛል። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ግን ጸባዩ ይለወጣል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ፑሊው ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ቁመቱም ስለሚያጥር ማታ ወጥራችሁ ያሰራችሁት ገመድ ጠዋት እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ፑሊውን ሲያስጨንቅ ታገኙታላችሁ። ሲደርቅ ይላላል። ከሁሉ የሚከፋው ከውስጥ መበስበሱ ነው። ላዩ ደህና መስሎ ሳለ ፈትሉን በሁለት አውራ ጣት ፈልቀቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩት፤ ጠቁሮ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ክረምቱን ሙሉ የጦሳን ተራራ ጉም ሲጫነው ለሚከርም የደሴ ግቢ ቃጫ ገመድ አልመክርም። ለአንድ ቀን በዓል በእንጨት ላይ ለሚቆም ባንዲራ ይሁን።

ጠፍርን የሚያነሳ ሰውም አይጠፋም። ደብረ ዳሞ ላይ መነኮሳቱ ገደሉን የሚወጡበት የጠፍር ገመድ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዓም ወደ ሐይቅ ከመምጣታቸው በፊት የተማሩት እዚያው ነው። ነገር ግን ጠፍር ስብ ካልጠጣ ይደርቃል፣ ሲርስ ይለጠጣል፣ በፑሊም አይሄድም። ደብረ ዳሞ ላይ ፑሊ የለም።

«ናይለን» ተብሎ የሚሸጠው

ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ሲዳሰስ ሸካራ፣ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሽ፣ በርካሽ የሚገኘው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ናይለን አይደለም፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው። መደብሩ ውስጥ ቆማችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ጣት የሚያህል ቁራጭ ለምኑና ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ በፈትሉ መሃል ያለው አየር እንዲወጣ ውኃው ውስጥ ጨመቅ አድርጉት፣ ከዚያ ልቀቁት። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው። እፍጋቱ 0.91 ገደማ ስለሆነ ከውኃ ይቀልላል። ናይለን 1.14፣ ፖሊስተር 1.38 ገደማ ናቸውና ወደ ታች ይወርዳሉ። ባለ መደብሩ ቅር ካለው ቁራጩን ክፈሉት፤ ከሚመጣው ጣጣ ይረክሳል።

ጣጣው ፀሐይ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ እስከዚህ ድረስ ከቃጫ ይሻላል። የፀሐይ መከላከያ ቅመም ያልገባበት ከሆነ ግን ጨረሩ ሰባብሮ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ቀለሙ ይነጣል፣ ቀጥሎ ላዩ ላይ ፀጉር የሚመስል ጭረት ይወጣል፣ በእጅ ሲሳብ መዳፍ ውስጥ እየተሰነቀረ ያሳክካል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

ብዙ ሰው ፀሐይ የሚበላው ቆላ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ገመድን የሚያቃጥለው ግን ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ስለዚህ ደጋው ደላንታ ወገል ጤና ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ባንዲራ የሚሰቅለው ጥበቃ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን እጁ ላይ ያለው ገመድ ዝቅ ብሎ ካለው ከባቲው ይልቅ እየተጎዳ መሆኑን ይወቅ። ብርዱ ለገመዱ ምንም አያደርግለትም።

በጀቱ ከዚህ አያልፍም ከተባላችሁ ጥቁሩን ፖሊፕሮፒሊን ምረጡ። ጥቁር ቀለሙ የሚሠራበት ጥላሸት ራሱ ጨረሩን ስለሚያግድ ከባለ ቀለሞቹ ይቆያል። እሱንም በየዓመቱ ከመስከረም በፊት ለውጡት።

እውነተኛው ናይለን

ጥሩ ገመድ ነው፤ ቦታው ግን ምሰሶ ላይ አይደለም። ናይለን ሲሳብ በደንብ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ሲርስ ደግሞ ከጥንካሬው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያጣል። ለሚጎተት መኪና፣ ለመልሕቅ፣ በማዕበል ለምትናጥ ጀልባ ይሄ መለጠጥ በረከት ነው፤ ንቅናቄውን ይውጠዋል። ባንዲራ ላይ ግን ንፋስ በመጣ ቁጥር ጨርቁ ከጫፍ ወረድ ከፍ ይላል፣ ገመዱ ይረግባል፣ የረገበው ገመድ ምሰሶውን ሌሊቱን ሙሉ ጧ ጧ እያደረገ ሰፈር ያነቃል።

ከፖሊስተር የሚለየው በመሳብ ነው። አንዱን ጫፍ በእግር ረግጣችሁ ሌላውን በሁለት እጅ ሳቡት፤ ናይለኑ ሰጠት ይላል፣ ፖሊስተሩ ወዲያው «በቃኝ» ይላል።

ፖሊስተር

ምርጫዬ ይሄ ነው። ፀሐይን ከናይለንም ከፖሊፕሮፒሊንም በተሻለ ይችላል፣ ውኃ ብዙም አይጠጣም፣ ሲርስ ጥንካሬው አይቀንስም፣ እምብዛም አይለጠጥም። የባሕረተኞቹ የተለመደ ሃሊያርድም እሱ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ደሴና ኮምቦልቻም ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አይገኝም፤ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው ካለ ጥቅሉ ላይ «ፖሊስተር» የሚል ጽሑፍ አይቶ እንዲያመጣ መላክ ነው።

ዋጋው ሲነሳ አንድ ነገር ይታሰብ። የባንዲራ ገመድ ከላይ ሲበጠስ ትልቁ ወጪ አዲሱ ገመድ አይደለም። ፑሊው ጋ መድረስ ነው። ረጅም መሰላል መለመን፣ ወጣት መፈለግ፣ አለዚያም ምሰሶውን ከነመሠረቱ መንቀል። በገመዱ ሜትር ላይ የተረፈችው ብር እዚያ ላይ ታልቃለች፤ የሰው አጥንት አደጋ ሳይቆጠር።

የሽቦ ገመድ የሚያስኬደው ገመዱ በምሰሶው ውስጥ የሚያልፍና በዊንች የሚጠቀለል ሲሆን ብቻ ነው፤ ረጃጅም የመሥሪያ ቤት ምሰሶዎች እንዲህ አላቸው። ስቴንለስ ይሁን፤ ተራው ይዝግና ባንዲራውን ያቆሽሻል፣ የተበጠሰ ክሩም እጅ ይወጋል። ዳይኒማ የሚባለው ሰው ሠራሽ ገመድ ደግሞ በክብደት ሲመዘን ከብረት ብዙ እጥፍ የሚጠነክር፣ ከሞላ ጎደል የማይለጠጥ ነው። ለውድድር ጀልባ የሚሆን ነው። ለትምህርት ቤት ግቢ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የተገመደ ወይስ የተጎነጎነ?

ይሄ ከቁሱ እኩል ይመዝናል፤ ገዢዎች ግን አያነሱትም። የተገመደው ሦስት ፈትል እርስ በርሱ የተጠማዘዘበት ነው። ሸክም ሲያርፍበት ጥምዝማዙን ለመፍታት ይዞራል፤ ሲዞር ባንዲራውን ይዞ ይዞራል። ጨርቁ ምሰሶው ላይ ተጠቅልሎ የሚውልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ በንፋስ ብቻ አታሳብቡ። ሁለቱ የገመዱ ጎኖችም እርስ በርስ ይጠማዘዙና ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ መዝሙሩን ጨርሰው ባንዲራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ መምህሩ ላብ በላብ ሲሆን ይታያል።

የተጎነጎነው አይዞርም። በፑሊ ላይ ለስላሳ ሆኖ ያልፋል፣ እጅም አይልጥም። ከተጎነጎኑት ውስጥ ልብ ያለውን፣ ማለትም ውስጡ ሌላ ገመድ ወይም የፈትል እምብርት ያለበትን፣ ምረጡ። ጫፉን በጣት ጫን ስትሉት ክፍት ሆኖ የሚጨፈለቀው ልብ የለውም፤ ፑሊ ላይ ይተኛና ቶሎ ይላጣል።

የተገመደው የሚበልጥበትም ቦታ አለ። ጉዳቱ ቶሎ ይታያል፣ ለጀልባ ማሰሪያም ጫፉን ፈትቶ ፈትሉን በራሱ ውስጥ መልሶ በመሸመን ቋጠሮ የሌለው ቀለበት ማውጣት ይቻላል። ሎጎ ሐይቅ ላይ ለምትታሰር ጀልባ የተገመደ ናይለን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ውፍረትና ርዝመት

እስከ 6 ሜትር ለሚሆን ምሰሶ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነ የግቢ ምሰሶ 8 ሚሊ ሜትር፣ በጣም ለረዘመው 10። ይሁንና የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፑሊው ነው። ገመዱ በፑሊው ጉድጓድ ውስጥ በነፃነት መተኛት አለበት፤ ከጎን የተረፈ ቦታ ከበዛ ቀጭኑ ገመድ ሾልኮ በመንኮራኩሩና በቤቱ መሃል ይሰነቀራል፣ ከጠበበ ደግሞ ሽፋኑ ይላጣል። ወደ መደብር ስትሄዱ ከአሮጌው ገመድ ስንዝር ቆርጣችሁ ያዙ።

ርዝመቱ የምሰሶው ቁመት ሁለት እጥፍ ሲደመር ሁለት ሜትር ነው። ለ8 ሜትር ምሰሶ 18 ሜትር ግዙ። ያቺ ሁለት ሜትር ለቋጠሮ ብቻ አይደለችም። ባንዲራው በየቀኑ እዚያው ከፍታ ላይ ስለሚቆም ፑሊው የሚያኝከው የገመዱን አንድ ስንዝር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አዲስ እንደሆነ ያቺ ስንዝር ታልቃለች። ትርፍ ካላችሁ በየመንፈቀ ዓመቱ የባንዲራውን ማሰሪያ ቦታ ሁለት ጋት ያህል አንሸራትታችሁ ለፑሊው ያልታኘከ ገመድ ትሰጡታላችሁ። ገመዱ ዕድሜ የሚጨምረው በዚህ ነው።

መሰላል ሳያስፈልግ መቀየር

ይሄን የምትሠሩት አሮጌው ገመድ ሳይበጠስ ነው። ባንዲራው ይውረድ፣ ገመዱ ይፈታ። የአሮጌውን ጫፍና የአዲሱን ጫፍ አፍ ለአፍ ግጠሙ፤ አትደራርቡ፣ አትቋጥሩም፣ ቋጠሮ በፑሊ አያልፍም። በወፍራም መርፌና በጠንካራ ክር ከአንዱ ወደ ሌላው ደጋግማችሁ ስፉት፣ ከላይ ሁለት ዙር ቀጭን ፕላስተር አልብሱት። ከዚያ አንድ ሰው አሮጌውን ቀስ ብሎ ይሳብ፣ ሌላው አዲሱን ያቀብል። መጋጠሚያው ፑሊው ጋ ሲደርስ መንጨቅ አያስፈልግም፤ ካልገባ ትንሽ መልሱና ፕላስተሩን አቅጥኑት።

አዲሱን ገመድ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ ጠበቅ አድርጋችሁ ፕላስተር ጠቅልሉበት፣ መሃሉ ላይ ቁረጡ፣ ጫፉን በክብሪት አቅልጡት። ፖሊስተር የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቀለጠውን በጣት መጠፍጠፍ የለመደ ሰው እንዳይሞክረው። ከምሰሶው በላይ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቁምና መብራት ኃይል ይጠራ።

አስተሳሰሩ

ባንዲራው በጎኑ ቀለበት የሆነ ገመድ ካለው መርከበኞቹ ራሳቸው ለባንዲራ የሚጠቀሙበትን ቋጠሮ ያዙ። የምሰሶውን ገመድ ጫፍ ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ አስገቡ፣ በሁለቱ የቀለበቱ እግሮች ጀርባ አዙሩት፣ ከዚያ በራሱ ሥር አሳልፋችሁ ሳቡ። ሲወጠር ይጠብቃል፣ ሲፈታም አያስቸግርም። መንጠቆ የምትጠቀሙ ከሆነ የላይኛውና የታችኛው መንጠቆ ርቀት ከባንዲራው ጎን ቁመት ጋር እኩል ይሁን፤ ካነሰ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ከበዛ ቅምቅማቱ ይተረተራል።

ከታች ባለ ሁለት ቀንዱ ብረት ላይ ሲታሰር ብዙ ሰው መጀመሪያ ይቋጥራል። መጀመሪያ ሥሩን አንድ ሙሉ ዙር ይዙር፣ ቀጥሎ በቀንዶቹ ላይ ሁለት ጊዜ በመስቀልኛ ይጠምጠም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጠምዛዛ ቀለበት ይጠለቅበት። በዚህ ዓይነት የታሰረ ገመድ በዝናብም ቢሆን አንድ ልጅ ይፈታዋል። የሰንደቅ ዓላማው አዋጅ ቁጥር 654/2001 ጠዋት 12 ሰዓት ይሰቀላል፣ ማታ 12 ሰዓት ይወርዳል ስለሚል በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈታ ነገር ላይ ጥርስ የሚያስነክስ ቋጠሮ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። በሐዘን ቀን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ሲታዘዝም ባንዲራው አስቀድሞ እስከ ጫፍ ወጥቶ ነው ወደ ግማሽ የሚወርደው።

ሎጎ ሐይቅ ላይ ጀልባ ላላችሁ

እዚህ ምርጫው ይገለበጣል። ዳር ላይ ለማሰር ናይለን፣ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር፣ የተገመደ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ጀልባዋ ስትናጥ የሚለጠጠው ገመድ ነው ችካሉንም የጀልባዋንም ቀለበት የሚያተርፍ። ገመዱ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር የሚታሽበት ቦታ ላይ የአሮጌ ውኃ ቱቦ ቁራጭ አልብሱት።

መልሕቅ የምትጥሉ ከሆነ የገመዱ ርዝመት የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ቢያንስ ይሁን፤ አጭር ገመድ መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል እንጂ አያስነክሰውም። የሐይቁ ጥልቀት መሃሉ ላይ ከ80 ሜትር ስለሚያልፍ እዚያ መልሕቅ ማሰብ ከንቱ ነው፣ ዳር ዳሩን ብቻ።

ምሰሶ ላይ ያጣጣልኩት ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ እዚህ ክብሩን ያገኛል። ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚወረወር ገመድ መስመጥ የለበትም፤ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን፣ 15 ወይም 20 ሜትር፣ ጫፉ ላይ የሚንሳፈፍ ጀሪካን ይታሰርበት። ፀሐይ እንዳይበላው በከረጢት ይቀመጥ፣ የከረጢቱ አፍ ግን አይታሰር። ጀልባዋ ሞተር ካላት ቦታው ከፊት ነው፤ ከኋላ የተንጠለጠለ ተንሳፋፊ ገመድ ፕሮፔለሩ ይጠቀልለዋል።